«ስሙ ግልጽ አይደለም» ብሎ ማለፍ አይበቃም፦ በከርነል ኮድ ስሞች ላይ አስተያየት ለመስጠት የሚረዳ የአሠራር መመሪያ

ይህን የምጽፈው በደሴና በኮምቦልቻ የሊኑክስ ከርነል (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ድራይቨር፣ ማለትም ከርነሉን ከአንድ መሣሪያ ጋር የሚያገናኝ ኮድ፣ መጻፍ ለጀመሩና አንዱ የሌላውን ኮድ መገምገም ለሚፈልጉ ወጣቶች ነው። ብዙዎቹ በወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የተማሩ ናቸው፤ ሲ ቋንቋን ያውቃሉ፣ ፖይንተር አያስፈራቸውም። የሚቸገሩት የጓደኛቸውን ፓች (የኮድ ለውጡን የያዘ ጽሑፍ) ተቀብለው አስተያየት በሚጽፉበት ጊዜ ነው። ግማሹ «ጥሩ ነው፣ በርታ» ብሎ ያልፋል፤ ግማሹ ደግሞ «የቫሪያብል ስሞቹ ግልጽ አይደሉም» የሚል አንድ መስመር ጽፎ ይልካል። ሁለቱም ለጸሐፊው ምንም አልሰጡትም። ስም ላይ የሚሰጥ አስተያየት ዋጋ የሚኖረው አንባቢው በዚያ ስም ምክንያት ምን ብሎ ሊሳሳት እንደሚችል ሲያሳይ ነው።

በኮዱ ውስጥ ስሞቹ በላቲን ፊደል እንደሚጻፉ የታወቀ ነው። እዚህ ግን ሲነበቡ እንደሚሰሙት በራሳችን ፊደል አስቀምጫቸዋለሁ።

1. መጀመሪያ ያለ ብዕር አንብቡ

ፓቹን ከላይ እስከ ታች አንድ ጊዜ አንብቡ፤ ምንም አትጻፉ። የምትፈልጉት ኮዱ ሊሠራ ያሰበው ነገር ትክክል መሆኑን ማወቅ ነው። ፋንክሽኑ ከነጭራሹ መኖር የሌለበት ከሆነ፣ ስለ ስሞቹ አስተያየት መስጠት የጸሐፊውን ጊዜ ማባከን ነው፤ ስሙን አስተካክሎ ሲመለስ ፋንክሽኑን አጥፋው ትሉታላችሁና።

በሁለተኛው ንባብ ብዕር ያዙ። እያንዳንዱን ስም እየለቀማችሁ አትፍረዱ። ይልቁንስ አንብባችሁ ወደ ኋላ የተመለሳችሁበትን ቦታ ብቻ ምልክት አድርጉ። «ይህ ምን ነበር?» ብላችሁ ወደ ላይ ወጥታችሁ ከሆነ፣ እዚያ ችግር አለ። ሳትቆሙ ያለፋችሁት ስም አጭርም ይሁን አስቀያሚ ሥራውን ሠርቷል፤ ተዉት።

መብራት በሚጠፋበት ወይም ኢንተርኔት በሚደክምበት ሰዓት ይህ ንባብ በወረቀት ላይ በደንብ ይሠራል። የከርነል ፓች በኢሜይል የሚላክ ተራ ጽሑፍ ስለሆነ በትንሽ ኔትወርክ ይወርዳል፣ ይታተማል፣ በእርሳስ ይመረመራል። እንዲያውም ወረቀት ላይ አርታኢው ፕሮግራም የቫሪያብሉን ዓይነት ስለማያሳያችሁ፣ ስሙ ብቻውን ምን ያህል እንደሚናገር በግልጽ ይታያል።

2. ስሙ የሚታይበትን ክልል ለዩ

የከርነሉ የኮድ አጻጻፍ ሰነድ ስለ ስሞች የሚለው አጭርና ጠንካራ ነው፤ ከመገምገማችሁ በፊት አራተኛውን ምዕራፍ አንብቡት። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ በአንድ ፋንክሽን ውስጥ ብቻ የሚኖር ቫሪያብል አጭር ይሁን፤ ከርነሉ በሙሉ የሚያየው ስም ግን ራሱን የሚገልጽ ይሁን። የሉፕ ቆጣሪ «አይ» መባሉ በቂ ነው። «ሉፕ_ካውንተር» ይባል ብሎ አስተያየት የሚሰጥ ገምጋሚ ኮዱን የባሰ ያደርገዋል፤ ሰነዱም ይህን በስም ጠቅሶ ይቃወማል። የንቁ ተጠቃሚዎችን ብዛት የሚቆጥር ፋንክሽን ግን «ካውንት_አክቲቭ_ዩዘርስ» ይባላል እንጂ «ሲኤንቲዩኤስአር» አይባልም።

የቫሪያብሉን ዓይነት በስሙ ላይ መለጠፍም በከርነል አይወደድም። ፖይንተር ስለሆነ ከፊቱ «ፒ»፣ ቡሊያን ስለሆነ «ቢ» መጨመር ከሌላ ስርዓት የመጣ ልማድ ነው፤ ዓይነቱን ኮምፓይለሩ ያውቀዋል። ከፋብሪካ የመጡ አሮጌ የዋይፋይ ድራይቨሮች በዚህ ዓይነት ስሞች የተሞሉ በመሆናቸው ከእነሱ እየቀዱ የሚማሩ ጀማሪዎች ልማዱን ይወርሳሉ። ለጸሐፊው ይህን ማስረዳት ተገቢ ነው፤ አላዋቂ ነህ በሚል ድምፅ ግን አይደለም።

ከፋይሉ ውጭ ለሚታዩ ስሞች ጠንከር በሉ። ሲ ቋንቋ ስሞችን በየክፍሉ የሚያጥር መዋቅር የለውም፤ ከርነሉ ደግሞ ከ25 ሚሊዮን መስመር በላይ ነው። ስለዚህ ለሌሎች የተከፈተ ፋንክሽን ሁሉ የድራይቨሩን ስም ከፊት ይያዝ። በፋይሉ ውስጥ ብቻ ለሚኖሩ ፋንክሽኖችም ይህን እንድትጠይቁ እመክራለሁ፤ ምክንያቱ ተግባራዊ ነው። ከርነሉ ሲወድቅ የሚያትመው ዝርዝር የፋንክሽን ስሞችን ነው። ድራይቨሩ ከከርነሉ ጋር አብሮ የተገነባ ከሆነ «ሪድ_ቫሊዩ» የሚል ስም ብቻ ይወጣል፤ የማን «ሪድ_ቫሊዩ» እንደሆነ ለማወቅ ሌሊቱን መፈለግ ሊኖርባችሁ ነው።

3. ቁጥር ባለበት ሁሉ መለኪያውን ጠይቁ

ከዚህ መመሪያ አንድ ክፍል ብቻ የሚያነብ ሰው ካለ ይህን ያንብብ። በከርነል ውስጥ ቁጥሮች ሁሉ ሙሉ ቁጥር ናቸው፤ ነጥብ ያለው ቁጥር በተለምዶ አይሠራበትም። ስለዚህ ዲግሪ፣ ቮልት፣ ሰከንድ ብዙ ጊዜ በሺህ ወይም በሚሊዮን ተባዝቶ ይያዛል። በስንት እንደተባዛ የሚናገር ከስሙ ሌላ ብዙ ጊዜ ምንም የለም።

አንድ ምሳሌ በቅርበት እንይ። አንዲት ወጣት በኮምቦልቻ ላለ መጋዘን የሙቀት መለኪያ ድራይቨር ጽፋ ደሴ ፒያሳ አጠገብ ተቀምጠን ፓቿን አየነው። ሴንሰሩ ቲኤምፒ102 ነው፤ 12 ቢት ንባብ ይሰጣል፣ እያንዳንዱ እርምጃ 0.0625 ዲግሪ ሴልሲየስ ነው። በአንድ ፋንክሽን ውስጥ «ቴምፕ» የሚባል አንድ ቫሪያብል ነበር። ጠየቅኋት፦

«እህቴ፣ እዚህ መስመር ላይ ቴምፕ ምን ይዟል?»

«ጋሼ፣ ከሴንሰሩ የመጣው ጥሬ ቁጥር ነው፤ ገና ወደ ዲግሪ አልተቀየረም።»

«ከሦስት መስመር በኋላስ?»

«እዚያ ተቀይሯል፤ ሺህ ጊዜ የተባዛ ዲግሪ ነው።»

ሐረጎን ወርደን ከሰዓት በኋላ መጋዘኑ ውስጥ 25 ዲግሪ ቢሆን፣ ጥሬው ንባብ 400 ነው። የከርነሉ የሃርድዌር ክትትል ክፍል የሚፈልገው በሺህ የተባዛ ዲግሪ ስለሆነ 25000 ይሆናል። ይኸው ሙቀት በባትሪ ክፍል ቢላክ ደግሞ ያ ክፍል በአሥር የተባዛ ዲግሪ ስለሚጠቀም 250 ነው። 400፣ 25000፣ 250፦ ሦስቱም አንድ ሙቀት፣ ሦስቱም «ቴምፕ»። ኮምፓይለሩ ሦስቱንም አንድ ዓይነት ሙሉ ቁጥር አድርጎ ስለሚያያቸው አንዱን በሌላው ቦታ ብታስገቡ አያስጠነቅቃችሁም።

የወጣቷ መልስ ውስጥ ስሙ ተቀምጦ ነበር። «ጥሬ» ብላለች፤ ስለዚህ የመጀመሪያው «ራው» ይሁን። «ሺህ ጊዜ የተባዛ ዲግሪ» ብላለች፤ ሁለተኛው «ቴምፕ_ሚሊሴልሲየስ» ይሁን። አንድ ቫሪያብል ሁለት ሆነ፤ ስሌቱም በአንድ መስመር ታየ። ይህን ዘዴ በሁሉም ቦታ ተጠቀሙበት፦ ጸሐፊው በአማርኛ በቃሉ እንዲነግራችሁ አድርጉ። ሰው ለጓደኛው ሲያስረዳ ኮድ ሲጽፍ የዘለለውን ቃል መናገሩ አይቀርም። (በነገራችን ላይ በዚህ ሴንሰር ድራይቨር ውስጥ ለጊዜያዊ ቫሪያብል የተለመደውን «ቲኤምፒ» የሚል ስም ባትጠቀሙ ይሻላል። የቺፑ ስም ራሱ በእነዚያው ሦስት ፊደላት ይጀምራል።)

ጊዜም እንዲሁ ነው። «ታይምአውት» የሚል ቫሪያብል 500 ይዞ ወደ «ስኬጁል_ታይምአውት» ቢገባ፣ ፋንክሽኑ የሚቀበለው ሚሊሰከንድ ሳይሆን ጂፊ ነው፤ ጂፊ ማለት የከርነሉ የሰዓት ምት ነው። የምቱ ፍጥነት ከርነሉ ሲገነባ ይመረጣል። በሰከንድ 1000 ምት ባለው ከርነል 500 ማለት ግማሽ ሰከንድ ነው፤ 250 ምት ባለው ሁለት ሰከንድ፣ 100 ምት ባለው አምስት ሰከንድ። ጸሐፊው በራሱ ኮምፒውተር ላይ ሲሞክረው ይሠራል፤ ሌላ ሰው ዘንድ መሣሪያው የተንቀራፈፈ ይመስላል። ስሙ «ታይምአውት_ኤምኤስ» ቢሆን ኖሮ በ«ኤምሴክስ_ቱ_ጂፊስ» ሳይቀየር መግባቱ ለማንም አንባቢ ፈጥኖ ይታይ ነበር።

የዲስክ ኮድ ስትገመግሙ «ሳይዝ» የሚለው ስም ላይ ሁልጊዜ ቁሙ። 8 ቢይዝ፣ 8 ባይት ነው? 8 ሴክተር ነው? 8 ገጽ ነው? በከርነሉ የብሎክ ክፍል ሴክተር የዲስኩ ዓይነት ምንም ይሁን ምን 512 ባይት ነው፤ ገጽ በተለመዱት ማሽኖች 4096 ባይት ነው። ስለዚህ 8 ሴክተር 4096 ባይት ሲሆን 8 ገጽ ግን 32768 ባይት ነው። ለብዛት ከርነሉ «ኤንአር_» የሚል ቅድመ ቅጥያ ይጠቀማል፤ «ኤንአር_ፔጅስ» ያለ ሰው ጥያቄውን ቀድሞ መልሷል።

እዚህ ላይ ጀማሪ ገምጋሚዎች የሚሰናከሉበት ነገር አለ። የቮልቴጅ ተቆጣጣሪ ኮድ ውስጥ «ማክስ_ዩቪ» የመሰለ፣ በትንሽና በትልቅ ፊደል የተቀላቀለ ስም ታያላችሁ። ከርነሉ እንዲህ ያለውን ቅልቅል አይወድም፤ ይህ ግን የማይክሮቮልት ምልክት ስለሆነ ይፈቀዳል። ስሞችን የሚፈትሸው የቼክፓች ፕሮግራም እንኳ እንዲህ ያሉ የመለኪያ ምልክቶችን አውቆ ያልፋቸዋል። አስተካክሉ ብላችሁ አትጻፉ።

4. ከፋንክሽን የተመለሰውን ዋጋ ተከታተሉ

«ሬት» በከርነል ውስጥ በጣም የተለመደ ስም ነው፤ ዜሮ ወይም አሉታዊ የስህተት ኮድ እስከያዘ ድረስ እንከን አይወጣለትም። ችግሩ ሌላ ነገር ሲይዝ ነው። «ኮፒ_ፍሮም_ዩዘር» ከተጠቃሚው ሜሞሪ ወደ ከርነሉ ይቀዳል፤ የሚመልሰው ግን የስህተት ኮድ ሳይሆን ሳይቀዳ የቀረውን የባይት ብዛት ነው። ጀማሪ ይህን «ሬት» ብሎ ይይዝና «ሬት ዜሮ ካልሆነ ሬትን መልስ» ይላል። ስሙ የስህተት ኮድ ስለሚመስል ገምጋሚውም ያልፈዋል። የመጻፊያ ፋንክሽን ውስጥ ከሆነ እና 40 ባይት ሳይቀዳ ከቀረ፣ ተጠቃሚው ፕሮግራም 40 የሚል አዎንታዊ ቁጥር ይደርሰዋል፤ ይህም በመጻፍ ጥሪ ውስጥ «40 ባይት ተጽፏል» ማለት ነው። ያልተሳካው ሥራ እንደተሳካ ተነገረው። «ኖት_ኮፒድ» ተብሎ ቢሰየም ማንም አንባቢ እንዲሁ አይመልሰውም ነበር። ከሁሉም የሚሻለው ግን ቫሪያብሉን ማስቀረት ነው፦ ጥሪውን በቀጥታ በሁኔታው ውስጥ አስገብቶ ካልተሳካ አሉታዊውን የ«ኢፎልት» ኮድ መመለስ፤ በከርነል የተለመደውም ይኸው ነው።

ለፋንክሽን ስሞች ሰነዱ ያስቀመጠው ደንብ አለ። ስሙ ትእዛዝ ከሆነ፣ ለምሳሌ «አድ_ወርክ»፣ ሲሳካ ዜሮ ሳይሳካ አሉታዊ ኮድ ይመልስ። ስሙ አዎ ወይም አይደለም የሚባልበት ከሆነ፣ ለምሳሌ «ፒሲአይ_ዴቭ_ፕረዘንት»፣ እውነት ወይም ሐሰት ይመልስ። አስቸጋሪው «ቼክ_ሴንሰር» የመሰለው ነው። ዜሮ ሲመልስ ሴንሰሩ ደህና ነው ማለት ነው ወይስ ደህና አይደለም? ሁለት አንባቢ ሁለት መልስ ይሰጣል። እውነት ወይም ሐሰት ከሆነ «ሴንሰር_ኢዝ_ሬዲ»፣ ጠብቆ የስህተት ኮድ የሚመልስ ከሆነ «ሴንሰር_ዌይት_ሬዲ» በሉት ብላችሁ ሁለቱንም አማራጭ አቅርቡ።

ስህተት ሲፈጠር የሚዘለልባቸው የጎቱ መለያዎችም ስም ናቸው። «ኢአርአር1»፣ «ኢአርአር2» ካያችሁ «አውት_ፍሪ_በፈር» በሚመስል፣ የሚደረገውን በሚናገር ስም እንዲተካ ጠይቁ። መሃል ላይ አዲስ እርምጃ ሲጨመር ቁጥሮቹ ሁሉ ይዛባሉ።

5. በከርነል ውስጥ ውል ያለባቸውን ቃላት እወቁ

አንዳንድ ቃላት በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ካላቸው ትርጉም በላይ በከርነሉ ውስጥ ግዴታ ይዘዋል። «ጌት» ማለት ብዙ ጊዜ የማጣቀሻ ቆጣሪውን (ነገሩን ስንት ቦታ እየተጠቀመበት እንደሆነ የሚቆጥረውን) አንድ ጨመርኩ፣ በኋላ በ«ፑት» ትመልሳለህ ማለት ነው። ዋጋ አንብቦ ብቻ የሚመልስ አዲስ ፋንክሽን «ጌት» ሲባል፣ የሚጠራው ሰው «ፑት» ይፈልጋል። በተቃራኒው ደግሞ «ኦፍ_ፋይንድ_ኖድ_ባይ_ኔም» በስሙ ውስጥ «ጌት» ሳይኖር ቆጣሪውን ይጨምራል፤ መመለስ የተረሳባቸው ቦታዎች በተለያዩ ድራይቨሮች ውስጥ ተገኝተው ሲታረሙ ኖረዋል። ስም የሚያሳስተው ጀማሪን ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል።

የኤሌክትሪክ ፍሰት የሚለካ ድራይቨር የሚጽፍ ሰው «ከረንት» የሚል ቫሪያብል ማውጣቱ ተፈጥሯዊ ነው። በከርነሉ ውስጥ ግን «ከረንት» አሁን እየሠራ ያለውን ሂደት የሚያመለክት ማክሮ ነው፤ ቫሪያብል አድርጎ ማወጅ ግራ የሚያጋባ የኮምፓይለር ስህተት ያመጣል። የክትትል ክፍሉ «ከር» ብሎ ያሳጥረዋል፤ እናንተም ይህንኑ ጠቁሙ። በ«_ሎክድ» የሚጨርስ ፋንክሽን ደግሞ ብዙ ጊዜ ጠሪው ሎኩን (ሁለት ሂደት አንድ ውሂብ በአንድ ጊዜ እንዳይነካ የሚከለክለውን ቁልፍ) ቀድሞ እንዲይዝ ይጠብቃል። ራሱ ሎክ የሚይዝ ፋንክሽን ይህን ቅጥያ ከለበሰ አንባቢን ወደ መቆላለፍ ይመራል። ከ2020 ጀምሮ ደግሞ በአዲስ ኮድ ጌታና ባሪያ የሚሉ ጥንድ ስሞች እንዲቀሩ ሰነዱ ይጠይቃል፤ «ፕራይመሪ» እና «ሰከንደሪ» ከአማራጮቹ መካከል ናቸው።

6. አስተያየቱን ጻፉ

በእኛ ዘንድ ሰውን ማስቀየም ይከብዳል፤ ይህ መልካም ነገር ነው፣ እንዲቀርም አልፈልግም። ሆኖም ጨዋነት ዝምታ ከሆነ ስህተቱ የሚወጣው ሌላ ቦታ፣ በማናውቀው ሰው ማሽን ላይ ነው። መፍትሔው ስለ ሰውየው ሳይሆን ስለ አንባቢው መጻፍ ነው። እኔ እያንዳንዱን አስተያየት በሦስት ነገር እሠራዋለሁ፦ ሳነብ የተረዳሁት፣ ያ መረዳት የሚያመጣው ስህተት፣ የማቀርበው ስም።

ደካማው አስተያየት ይህን ይመስላል፦ «ቴምፕ መጥፎ ስም ነው፣ ቀይረው።» የሚሻለው ደግሞ ይህን፦ «ወንድሜ፣ መስመር 84 ላይ ቴምፕን ሳይ ወደ ዲግሪ የተቀየረ መስሎኝ ነበር፤ ጥሬ ንባብ መሆኑን ያወቅሁት ከታች ያለውን ማባዣ ሳይ ነው። ማባዣውን ነገ አንድ ሰው ቢያንቀሳቅሰው ጥሬው 400 በሺህ እንደተባዛ ዲግሪ ይነበብና 25 ዲግሪ በ0.4 ዲግሪ ይተካል። ጥሬውን ራው፣ የተቀየረውን ቴምፕ_ሚሊሴልሲየስ ብንለው ምን ይመስልሃል?» ረዝሟል፤ ግን ጸሐፊው ደግሞ መጠየቅ አያስፈልገውም። አስተያየቱን ከሚመለከተው የኮድ መስመር ሥር ጻፉ፤ ከላይ በአንድ ክምር አታስቀምጡት።

የግድ መስተካከል ያለበትንና የእናንተ ምርጫ የሆነውን ለዩ። መለኪያው የጠፋበት፣ የስህተት ኮድ መስሎ ብዛት የያዘ፣ ከማክሮ ጋር የተጋጨ፦ እነዚህ የግድ ናቸው። «ሌን» ይሻላል ወይስ «ሌንግዝ» የሚለው ግን የጣዕም ጉዳይ ነው፤ ወይ ተዉት፣ ወይ «ከፈለግህ» ብላችሁ ጻፉት። በየመስመሩ የጣዕም አስተያየት የደረሰው ጸሐፊ ዋናውን ነጥብ በመካከሉ ያጣዋል።

አንዳንድ ጊዜ እናንተም ጸሐፊውም ተቀምጣችሁ ጥሩ ስም ይጠፋል። ያን ጊዜ ስሙን ትታችሁ ፋንክሽኑን እዩ፤ ምናልባት ሁለት ሥራ ይዞ ይሆናል። ሰነዱ በአንድ ፋንክሽን ውስጥ ከ5 እስከ 10 ከሚሆኑ ቫሪያብሎች በላይ ከተገኘ ፋንክሽኑ እንደገና ይታሰብበት ይላል። ለሁለት ሲከፈል ስሞቹ ብዙ ጊዜ አብረው ይመጣሉ። አርፍተ ነገር የሚያህል ስም ማውጣት መፍትሔ አይደለም፤ መስመር ወደ ውስጥ ገብ ባለ ቁጥር ስምንት ቦታ በሚወስድበትና መስመሩ ከ80 ፊደል ባይበልጥ በሚመረጥበት ኮድ ውስጥ ረጅም ስም መስመሩን ይሰብረዋል።

7. የስም ለውጡ እንዴት እንደሚላክ ንገሩት

ስሙ በዚሁ ፓች የገባ አዲስ ስም ከሆነ ጸሐፊው እዚያው አስተካክሎ ሁለተኛውን ስሪት ይላክ፤ የተለወጠውንም ከሦስቱ ሰረዞች በታች በአጭሩ ይጻፍ። ቀድሞ በከርነሉ ያለ ስም ከሆነ ግን ለብቻው በሆነ ፓች ይምጣ፤ በዚያ ፓች ውስጥ ከስም ለውጥ በቀር ምንም አይኑር። የስም ለውጥና የአሠራር ለውጥ ሲቀላቀሉ አንድ የተለወጠ ምልክት ከመቶ የተቀየሩ መስመሮች መካከል ይደበቃል። ለመገምገም ለውጡን በቃል ደረጃ የሚያሳየውን የጊት ትእዛዝ ተጠቀሙ፤ ከዚያ ኮዱን ገንቡት፣ ስፓርስ የተባለውን የከርነል ኮድ መፈተሻ አስኪዱበት።

አሮጌ ኮድ ውስጥ ያለ ደካማ ስም ሁሉ ይቀየር ብላችሁ አትዘዙ። እያንዳንዱ የስም ለውጥ የመስመሩን ታሪክ ያደበዝዛል፤ ወደ አሮጌ የተረጋጉ ስሪቶች የሚወሰዱ ማስተካከያዎችም በቀላሉ አይገጥሙም። የክፍሉ ጠባቂ (ፓቾችን የሚቀበለው ኃላፊ) «ይህን አልቀበልም» ቢል ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ሁለተኛው ስሪት ሲመጣ ያመለከታችኋቸውን ስሞች አንድ በአንድ ፈትሹ፤ በአስተያየት መስመሮችና በሚታተሙ መልእክቶች ውስጥ አሮጌው ስም መቅረት አለመቅረቱንም እዩ፤ እዚያ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ከበቃችሁ «ገምግሜዋለሁ» የሚለውን መስመር በሙሉ ስማችሁ ስጡ። በመጀመሪያው ስሪት ላይ ያላነሳችሁትን የጣዕም አስተያየት በሦስተኛው ላይ ይዛችሁ አትምጡ።